ራይዘር፣ አዲስ መሪ ወይስ ዝቅ ያለ መርገጫ? የሞተራችሁን መሪ ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት

የሞተር መሪ ዝቅ ሲልባችሁ ሰውነታችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል። ትንሽ ራቅ ያለ መንገድ ስትነዱ ማጅራትና የትከሻ መሀል ያቃጥላል። መዳፍ ይደነዝዛል። ኮረኮንች ላይ ቆማችሁ ስትነዱ ደግሞ ጎንበስ ማለት ግድ ይሆንና ወገብ ያልቃል።

ይሄኔ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት ውስጥ ገብቶ ራይዘር ይፈልጋል። ራይዘር መሪው በሚታሰርበት ቦታ ገብቶ ከፍ የሚያደርገው ቁራጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአልሙኒየም ይሠራል። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ስለዚህ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ሴንቲ ልጨምር?» ብሎ ነው።

እኔ ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። የሚያማችሁ ቁጭ ብላችሁ ስትነዱ ነው ወይስ ቆማችሁ? ለሁለቱ የሚሆነው ዕቃ አንድ አይደለም። ለአንዱ የሚመቸው ሌላውን ሊያባብስበት ይችላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት እንደ ሱዙኪ ዲአር650፣ ካዋሳኪ ኬኤልአር650፣ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም እና ያማሃ ቴኔሬ 700 ያሉትን፣ አስፋልትም ጠጠርም የሚሄዱ ሞተሮች ይዤ ነው። ስለ ሃርሊና ስለ ስፖርት ሞተር በኋላ አጠር አድርጌ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ በነፃ የሚሞከረው

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መሪውን የያዙትን አራት ቡሎኖች ላላ አድርጉና መሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ትንሽ አዙሩት። መሪ ቀጥ ያለ ብረት አይደለም፤ የታጠፈ ስለሆነ ጥቂት ዲግሪ ሲዞር እጅ የሚያርፍበት ቦታ በግልጽ ይቀየራል። ቀጥሎ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን አስተካክሉ። ጣታችሁ እጀታው ላይ ሲያርፍ ክንድ፣ አንጓና ጣት በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። አንጓው ወደ ላይ ከተሰበረ የእጅ መደንዘዙ ከመሪው ቁመት ሳይሆን ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው እጀታዎቹን የሚያስረው ቁጭ ብሎ ለሚነዳ ሰው ስለሆነ፣ ቆሞ የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ዝቅ ሊያደርጋቸው ይገባል።

ይሄ ካልበቃ ሁለተኛው ሙከራ ይመጣል። እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው፣ ምክንያቱም ሻጩ የማይነግራችሁን ቁጥር ይሰጣችኋል። የቤንዚን ታንኩን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ። የክላምፑን፣ ማለትም መሪውን አቅፎ የያዘውን ማሰሪያ፣ ክዳኖች ሙሉ በሙሉ ፍቱ። መሪውን ከነኬብሉ በእጃችሁ አንሱትና ኬብል ወይም ቱቦ መወጠር እስኪጀምር ድረስ ወደ ላይ ውሰዱት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩት። አንድ ሰው ማስመሪያ ይዞ ከጎን ይለካ። ያገኛችሁት ቁመት ኬብል ሳትቀይሩ ልትጨምሩ የምትችሉት የመጨረሻው ነው። ከዚያም ላይ ትንሽ ቀንሱለት።

ይህን ስትሠሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የፍሬን ዘይት መያዣው ቀጥ እንዳለ ይቆይ። ተገልብጦ ከተንጠለጠለ አየር ሊገባና ፍሬኑ ሊላላ ይችላል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ጨርቁ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ሻጩ 30 ሚሊ ሲል ምን ያህል ነው የምታገኙት?

የፊት ሾክ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላ ያዘነብላል። በእንደዚህ ዓይነት ሞተሮች ላይ ማዘንበሉ ብዙውን ጊዜ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመሪው መያዣም በአብዛኛው ይህንኑ አቅጣጫ ተከትሎ ነው የሚቆመው። ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ራይዘር ስትጨምሩ መሪው በእውነት ወደ ላይ የሚወጣው 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ13 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ እናንተ ይመጣል።

ቁጭ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይሄ እንደ ምርቃት ነው። እጁ አጠር ላለ፣ ወይም ጀርባውን ቀና አድርጎ ረጅም መንገድ መሄድ ለሚፈልግ ሰው፣ ወደ ኋላ የመጣችው አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለችው ሦስቱ የማይተናነስ ጥቅም ትሰጣለች።

ቆሞ ለሚነዳው ግን ተቃራኒው ነው። ሲቆም ጉልበቱና ጭኑ ወደ ፊት ይመጣሉ። መሪው ደግሞ ወደ እሱ ከቀረበ ክርኑ መታጠፊያ ያጣል፣ መሪውን ሲያዞርም ጫፉ ጭኑን ይነካዋል። ቆሞ የሚነዳ ሰው የሚፈልገው ከፍ ያለ፣ ግን ወደ ኋላ ያልመጣ መሪ ነው። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ85 በላይ የሆነ ሰዎች ከፍ ያለ ራይዘር አስገብተው «አሁንም አልተመቸኝም» ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ቀጥ ያለው ራይዘር

በጣም ቀላሉና ለብዙ ሰው የሚበቃው ይሄ ነው። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ አልሙኒየም ከረዘሙ ቡሎኖች ጋር ይመጣል። ለየሞተሩ ሞዴል ተለክቶ የተሠራ ከታወቁ አምራቾች ይገኛል። ለምሳሌ የጀርመኑ ኤስደብሊው-ሞቴክ ለብዙ ሞዴሎች 20 እና 30 ሚሊ ይሠራል። በሞዴል ተለይቶ የተሠራውን የማስበልጠው ስለ ስሙ አይደለም። የቡሎኑ ርዝመት ተሰልቶ ስለሚመጣ ነው፤ የዚህን ጥቅም ቡሎኖቹ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

ሌላው ጥሩ ጎኑ መገጣጠሚያ አለማብዛቱ ነው። የሚላላ፣ የሚዞር ነገር የለውም። ብትወድቁ እንኳ ራይዘሩ ቦታውን አይለቅም። ቁጭ ብላችሁ የምትነዱ ከሆነና የጎደላችሁ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ከዚህ ወዲያ አትፈልጉ።

ወደ ላይም ወደ ኋላም የሚያመጣው

ይሄኛው ሆን ተብሎ መሪውን ወደ ነጂው እንዲያቀርብ የተሠራ ነው። ቀጥ ያለው ከሚያመጣው ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ለአጭር ሰው፣ ለጀርባ ሕመምተኛ፣ አስፋልት ብቻ ለሚሄድ ሰው ደግ ዕቃ ነው። ጠጠር ላይ ለሚቆም ሰው ግን አልመክረውም። ከመግዛታችሁ በፊት መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙራችሁ በእጀታውና በታንኩ መሀል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ጓንት የለበሰ አውራ ጣት በደንብ ካላለፈ ይህን ራይዘር እርሱት። ቀስ ብሎ ዞሮ ለመመለስ ስትሞክሩ ጣት የሚያዝበት መሪ አደገኛ ነው።

የሚታጠፈው ራይዘር

ከታችም ከላይም ክላምፕ ያለው፣ መሀል ላይ እንደፈለጋችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚያዘነብል ዓይነት አለ። የአሜሪካኑ ሮክስ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ የሚያደርገው ታዋቂ ነው። ዋጋው ከቀጥታው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ለረጅም ሰው፣ በተለይ ቆሞ ለሚነዳ ሰው፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ወደ ፊት ስታዘነብሉት ከላይ የተናገርኩትን የ«ወደ ኋላ መምጣት» ችግር ይሰርዛል። ከተጠቀማችሁበት በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም ሌላ ዕቃ ሳትገዙ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ጉዳቱም አለ። ቡሎኑ ይበዛል፣ መገጣጠሚያው ይበዛል። ስትወድቁ ሊዞር ይችላል፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ደግሞ መሪው ጠማማ ይሆናል። ከሁሉም በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው፤ ብዙ ሞተሮች ላይ ኬብልና ቱቦ መንካት ሊያስፈልግ ይችላል። የማንሳት ሙከራውን ሳትሠሩ ይህን አትግዙ።

መሪውን ራሱን መቀየር

ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፈለጋችሁ ከፍ ያለ ራይዘር ከማስገባት ከፍ ያለ መሪ መግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ራይዘር በረዘመ ቁጥር መሪው ከሥሩ ላይ የሚያሳርፈው የመወዝወዝ ጉልበት ይጨምራል። አዲስ መሪ ግን ከፍታውን በራሱ መታጠፊያ ነው የሚያመጣው፤ ማሰሪያው የነበረበት ይቆያል። በዚያ ላይ ስፋቱንና የእጅ አንግሉን አብራችሁ ትመርጣላችሁ። አንዳንዴ የአንጓ ሕመም የሚድነው በቁመቱ ሳይሆን በአንግሉ ነው።

መሪ ስትገዙ ውፍረቱን እወቁ። ዲአር650 እና ኬኤልአር650 22.2 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቴኔሬ 700 ክላምፑ ጋ 28.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥን መሪ አለው። ሃርሊ በአብዛኛው 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1 ኢንች ነው። ራይዘር ስትገዙም ይሄው ቁጥር ያስፈልጋችኋል። 22.2 ያለውን መሪ በ28.6 ክላምፕ ውስጥ ቆርቆሮ ጠቅልሎ የሚያስር ሰው ካያችሁ ሞተሩን አትዋሱት።

የመሪ መቀየር ጉዳቱ ሥራው ነው። የእጅ መያዣው ጎማ፣ እጀታው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ስፖኪዮው ሁሉ ይወጣል። አንዳንድ ማብሪያ ማጥፊያዎች ከውስጥ ትንሽ ጉጥ ስላላቸው አዲሱ መሪ ላይ ቀዳዳ መብሳት ሊያስፈልግ ይችላል። ጉጡን ቆርጦ መገላገል የሚመርጡ አሉ። እኔ መብሳቱን እመርጣለሁ፤ የጋዙ ማቀፊያ ዝናብ ላይ መሽከርከር የለበትም።

መርገጫውን ዝቅ ማድረግ

ለቆሞ ነጂው ብቻ የሚሆን ሌላ መንገድ ይሄ ነው። የእግር መርገጫውን 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ሲቆም መሪውን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደማድረግ ነው፤ ኬብል አይነካም። ቁጭ ሲልም ጉልበት ያርፋል። በምላሹ የማርሽና የኋላ ፍሬን መርገጫዎች እንደገና መስተካከል አለባቸው፣ ድንጋይ ላይም መርገጫው ቀድሞ ይመታል። ከ20 ሚሊ ራይዘር ጋር ሲጣመር ከ5 ሴንቲ ሜትር ራይዘር የተሻለ ሆኖ የሚያገኙት ብዙዎች ናቸው።

በተቃራኒው ወፍራም ወንበር ካስገባችሁ፣ ቁጭ ስትሉ መሪው በዚያው ልክ ዝቅ እንዳለ ቁጠሩት። ሁለቱን አብራችሁ አስቡ።

ሃርሊ እና ስፖርት ሞተር

የሃርሊ ዓለም ሌላ ነው። እዚያ ራይዘር በሚሊ ሳይሆን በኢንች ነው የሚነገረው፣ ረዣዥሙም ለመልክ ጭምር ይገባል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ራይዘሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ጎማ አላቸው። ጎማው ንዝረትን ይቀንሳል፤ ረጅም ራይዘር ሲገባ ግን መሪው እንዲወዛወዝ ያደርጋል። በጠንካራ ሰው ሠራሽ ጎማ ወይም በብረት መተካት ይቻላል። ያኔ መሪው ይጠነክራል፣ ንዝረቱ ደግሞ ወደ እጃችሁ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ የክልላችሁን ሕግ እዩ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ነጂው ቁጭ ሲል እጁ ከትከሻው ከ6 ኢንች በላይ ከፍ እንዲል አትፈቅድም። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የፈቃድ ወረቀት ያለው ዕቃ ካልገዛችሁ ምርመራ ላይ ትያዛላችሁ።

የስፖርት ሞተር መሪ በሁለት ተለያይቶ በቀጥታ ሾኩ ላይ ነው የሚታሰረው። እስካሁን ያልኩት ራይዘር እዚያ አይገባም። ለሞዴሉ የተሠራ ከፍ ያለ ምትክ መፈለግ ነው።

ኬብልና ቱቦ፦ እውነተኛው ገደብ

ራይዘሩ ገብቶ ሁሉም ነገር ከታሰረ በኋላ ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። የፊት ጎማውን በክሪክ ከመሬት አንሱ፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። የፍሬን ቱቦ ከሁሉም በላይ የሚወጠረው ያኔ ነው። ሞተሩ መሬት ላይ ቆሞ የማይወጠር ቱቦ ጉድጓድ ላይ ስትዘሉ ሊወጠር ይችላል። በዚህ ሁኔታ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ከተገተረ አልሆነም።

ቀጥሎ ማርሹን ፎሌ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ ሚኒሞ ላይ ይሥራ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ ጫፍ አዙሩ። የሞተሩ ድምፅ በራሱ ከፍ ካለ የጋዝ ኬብሉ እየተጎተተ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ስትታጠፉ ሞተሩ ራሱ ጋዝ ይሰጣል ማለት ነው። የፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፍም በሁሉም አቅጣጫ ሊኖረው የሚገባውን ልቅነት ይዞ መቆየት አለበት። ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው አዲስ ኬብል አይደለም። የኬብሉን መንገድ መቀየር ይበቃል። በፕላስቲክ ማሰሪያ የተያዘውን ፈታ ማድረግ፣ ከመብራቱ ጀርባ በአጭሩ ማሳለፍ፣ የፍሬን ቱቦውን ከላይኛው መያዣ ማውጣት ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊያስገኝ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹንም አትርሱ፣ ተወጥሮ የቆየ ሽቦ ከውስጥ ይበጠሳል። ጋዛቸው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሞተሮች፣ እንደ ከ2018 ወዲህ ያለው የሆንዳ አፍሪካ ትዊን፣ የጋዝ ኬብል ስለሌላቸው አንድ ራስ ምታት ይቀንስላችኋል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓት) ያለው ሞተር ላይ ግን የፍሬን ቱቦ መቀየር ከተራው የበለጠ ሥራ ነው፤ ወጪውን ከራይዘሩ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡት። አንዳንዴ 3 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

አገር ቤት ላላችሁ

የሚገጣጠም ራይዘር በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ሰው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ጎበዝ ባለሙያ ጥሩ አድርጎ ሊሠራው ይችላል። ችግሩ አልሙኒየሙ ነው። ከቀለጠ ድስት የተቀዳና ለዚህ ሥራ የሚሆን ጠንካራ ዘንግ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ሲመቱ ግን አይመሳሰሉም። የምታምኑት አልሙኒየም ከሌለ ብረት አሠሩ፤ ጥቂት ግራም ቢከብድ ማንም አይሞትም። ሮንዴላ ደራርቦ ማንሳት፣ የቧንቧ ቁራጭ ማስገባት፣ ክላምፑ ላይ ብየዳ መጨመር ግን በምንም ዓይነት አይሆንም። እንደ ቦክሰር ባሉ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ 22.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ከፍ ያለ መሪ ፈልጎ መግዛት ከቶርኖው ይቀላል፣ ይረክሳልም። ለገጠር ሥራ በሚወጡ የጠጠር ሞተሮች ላይ ሥራ ላይ የዋለ መሪ ከገዛችሁ መሬት ላይ አስተኝታችሁ መጣመሙን እዩ።

ቡሎኖቹ

ሙሉ መሪው፣ እጃችሁም ጭምር፣ የሚንጠለጠለው በእነዚህ ጥቂት ቡሎኖች ላይ ነው። አናታቸው ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈባቸው ይሁኑ። የሚያብረቀርቁት የማይዝጉ ቡሎኖች ያምራሉ፤ ነገር ግን ኤ2-70 የሚባለው የተለመደው ዓይነት ከ8.8 ይደክማል። ርዝመታቸውን ለኩ። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አልሙኒየም ውስጥ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር፣ ቢቻል 16 ሚሊ ሜትር ጥርስ መያዝ አለበት። ከራይዘሩ ውፍረት ጋር እኩል ያልረዘመ ቡሎን ያዘ ቢመስልም የያዘው በጫፉ ነው።

የክላምፑ ክዳን ላይ ነጥብ ወይም ቀስት ካለ አቅጣጫውን በመመሪያው አረጋግጡ። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ነጥቡ ወደ ፊት ይሆንና የፊቱ ቡሎን መጀመሪያ ክዳኑ እስኪገጥም ድረስ ይታሰራል፣ ክፍተቱ ከኋላ ይቀራል። በሌሎች ላይ ግን ክፍተቱ ከፊትም ከኋላም እኩል ነው። የማጥበቂያውን ልክ ከሞተራችሁ መመሪያ አውጡና በቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መፍቻ) እሰሩ፤ አልሙኒየም ጥርስ በጉልበት ከተነቀለ ወጪው የራይዘሩን ያህል ይሆናል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ፈትሹ።

የድሮዎቹን አጫጭር ቡሎኖች አትጣሉ። ራይዘሩን አንድ ቀን ስታወጡ ወይም ሞተሩን ስትሸጡ ያስፈልጋሉ። ረጃጅሞቹን ያለ ራይዘር የመለሰ ሰው ቡሎኑ ከቀዳዳው ሥር ደርሶ ይቆምበታል። መፍቻው ላይ የጠበቀ ይመስላል፣ ክላምፑ ግን መሪውን አልያዘውም። ሁለተኛ እጅ ሞተር ስትገዙም መሪውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ታች ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑት። ከተንቀሳቀሰ ከመንዳታችሁ በፊት ቡሎኖቹን አውጥታችሁ ለኩ።